ከሃያው ዐሥራ አምስቱ ቆሻሻ

አንሙት፦ ስማኝ እንጂ! ስምንት ሊትር ውኃ አፈሰስክ፣ ስምንት ሊትር ውኃ ወጣልህ። ታዲያ ምኑን ነው ያጣራኸው?

ደምለው፦ ውኃውን ነዋ፣ ጋሼ።

አንሙት፦ ቆሻሻውስ የታለ?

ደምለው፦ የቱ ቆሻሻ?

አንሙት፦ የወጣው! አንተ ገበሬ አይደለህም እንዴ? አንድ ቁና ስንዴ አበጥረህ ያው አንድ ቁና ቢመለስልህ፣ «አበጠርኩ» ብለህ ለሰው ታወራለህ?

ደምለው፦ አላወራም።

አንሙት፦ እህሳ!

ደምለው፦ ከሸክላው ግርጌ ግን ትንሽ ደለል ነገር ቀርታለች። ጣቴን ስሰድድ አገኘኋት።

አንሙት፦ «ትንሽ ደለል» ይለኛል! አንተ ሰው፣ ቆሻሻ በጣት አይለካም። ቆሻሻ የሚለካው በሊትር ነው።

(ይህ ሁሉ ክርክር የሚካሄደው ደብረ ማርቆስ፣ አንሙት ግቢ፣ የኩሽናው በረንዳ ላይ ነው፤ ቀኑም የግንቦት ሚካኤል ነው። አንሙት ጡረታ የወጣ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው። ሠላሳ ዓመት ዕቃ ሲረከብና ሲያስረክብ በየካርቶኑ ውስጥ ያለውን መመሪያ ሲያነብ ኖሯል፤ ስለዚህ የማያውቀው ነገር የለም፤ ካለም ገና በካርቶን አልመጣም። ደምለው የሚስቱ የየኔአለም ታናሽ ወንድም ነው። ከቁይ ወዲያ ካለው መንደሩ ትናንት የመጣው የዛሬውን የማኅበር ድግስ ሊረዳ ነው። ሲጠየቅ ቶሎ አይመልስም፤ ቶሎ የማይመልስ ሰው ደግሞ ለአንሙት ቂል ነው፤ ሌላ መለኪያ የለውም። ጠረጴዛው ላይ ደምለው ለእህቱ ያመጣላት የሸክላ ማጣሪያ ተቀምጧል፤ ባልዲ ውስጥ የተሰየመች ማሰሮ ናት፤ ሌሊቱን ሙሉ ጠብ፣ ጠብ ስትል አድራለች። ግድግዳው ላይ ደግሞ የአንሙት የውኃ ማጣሪያ ማሽን ተሰቅሏል፤ አራት ነጭ ቀፎ፣ አንድ ሞተር፣ ሁለት ቱቦ። ከአዲስ አበባ ከመጣ ሳምንቱ ነው፤ እንደ ልቡ ሠርቶ የሚታይበት ቀን ግን ዛሬ ነው ተብሎ ተወስኗል። የወሰነውም አንሙት ብቻውን ነው።)

ደምለው፦ እትዬ ወደ ቅዳሴ ስትወጣ ግን፣ «እነዚህን አራት ጄሪካኖች እንዳትነኩ» ብላለች።

አንሙት፦ እንዳትጫወቱባቸው ነው ያለችው። እኛ መቼ እንጫወታለን? እናጣራለን።

ደምለው፦ «ቧንቧዋ እስከ ሐሙስ አትመጣም። ለወጡም፣ ለእጅ መታጠቢያውም፣ ለሚጠጣውም ያለችን ይቺው ናት» አለች።

አንሙት፦ ሰምቻለሁ።

ደምለው፦ «ዐሥራ ስምንት ሰው ነው የሚመጣው» አለች።

አንሙት፦ ሰምቻለሁ አልኩህ እኮ!

ደምለው፦ «እንዳምናው ካደረገኝ ጽዋውን በገዛ እጄ መልሼ ከማኅበሩ እወጣለሁ» ደግሞ አለች።

(አንሙት ይቺን አልሰማም ነበር። አምና ተራቸው ሲደርስ ድፎ ዳቦውን ያስጋገረው አዲስ ባስመጣው የኤሌክትሪክ ምድጃ ነበር፤ ከመመሪያው ዝንፍ ሳይል። ዳቦው ከላይ ወርቅ፣ ከውስጥ ሊጥ። የንስሐ አባታቸው ቄስ አማረ ባርከው ቢላዋ ቢሰዱበት ቢላዋው ተጣብቆ ቀረ። ማኅበርተኛው እዚያው አልሳቀም፤ ጨዋ ነው። የሳቀው ከበር ሲወጣ ነው፤ ዓመት ሙሉም አላባራም። የኔአለም ደግሞ ያን ዓመት ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በሌላ መንገድ ነው የምትዞረው። አንሙት ዛሬ ያንን ስም ሊያድስ ነው የተነሣው። ማኅበርተኛው እንዲህ ያለ ውኃ ጠጥቶ እንደማያውቅ እየመሰከረ ሲወጣ ይታየዋል።)

አንሙት፦ ለዚህ እኮ ነው! የአምናውን አፍ የሚያዘጋ ውኃ ነው የምናቀርበው። በል፣ አንዷን ጄሪካን ወዲህ በል። አንዷን ብቻ።

ደምለው፦ አንዷን ብቻ?

አንሙት፦ ለማየት ያህል። አየህ፣ ሃያ ሊትሩ በዚህ ይገባል። እዚህ ሞተሩ ያስጨንቀዋል። ንጹሁ በዚች በቀጭኗ ይወጣል፣ ቆሻሻው በዚህ በጥቁሩ ቱቦ።

ደምለው፦ የቆሻሻውን ቱቦ የት ላድርገው?

አንሙት፦ ወደ ቦዩ ልቀቀው።

ደምለው፦ ግቢውን አያበላሸውም? ሰው ይመጣል እኮ።

አንሙት፦ (ደንገጥ ብሎ) ብልህ ሆንክሳ! ያቺን ባዶዋን ጄሪካን አምጣና በእሷ ያዘው። ነገ በጋሪ ጭነን ከከተማ ውጪ እንደፋዋለን።

(ማሽኑ ያጓራ ጀመር። ቀጭኗ ቱቦ እንደ ክር ታወርዳለች። ጥቁሩ ግን እንደ ልቡ ነው የሚያፈሰው። ሞተሩ ዝም ሲል አንሙት ባልዲውን በመለኪያ ጆግ ይሰፍራል፤ ከዚያም ጄሪካኑን ያያል፤ ደስታው ፊቱን ሞላው።)

አንሙት፦ አምስት ንጹህ! ዐሥራ አምስት ቆሻሻ! አየህ ይሄን? ዐሥራ አምስት ሊትር ቆሻሻ! ያንተ ሸክላ ስንት አወጣ? አንዲት ጣት!

ደምለው፦ (ጄሪካኑን ጎንበስ ብሎ እያየ) ጋሼ፣ ይሄ ቆሻሻ ጥርት ያለ ነው እኮ።

አንሙት፦ ረቂቅ ቆሻሻ ነው። በዓይን አይታይም።

ደምለው፦ አይሸትምም።

አንሙት፦ ደግሞ ያሸተዋል! አንሣ አፍንጫህን! በአፍንጫ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ ማሽን ለምን ይሠራለታል?

ደምለው፦ ልቅመሰው?

አንሙት፦ ኧረ በሚካኤል! ዐሥራ አምስት ሊትር ቆሻሻ ላይ አፉን ሊከፍት! ለእህትህ ምን ብዬ ነው የማረዳት?

ደምለው፦ (ቆይቶ) ስለዚህ ከሃያው ዐሥራ አምስቱ ቆሻሻ ነው።

አንሙት፦ እሰይ! ገባህ!

ደምለው፦ እኔ እስከ ዛሬ አንድ ጣሳ ስጠጣ ሩቡ ብቻ ነበር ውኃ?

አንሙት፦ ሩቡ ብቻ።

ደምለው፦ ሦስት እጅ ቆሻሻ ጠጥቼ ነው ሁለት ጥማድ መሬት የማርሰው?

አንሙት፦ ንጹህ ብትጠጣ ስምንት ታርስ ነበር።

ደምለው፦ አባታችን እንኳ ዘጠና ዓመት የኖረው…

አንሙት፦ ንጹህ ቢጠጣ ሦስት መቶ ስድሳ!

ደምለው፦ (በጣም ካሰበ በኋላ) ኧረ እንኳን አልጠጣ። ርስቱ መቼ ይደርሰን ነበር?

አንሙት፦ ቀልድህን ተው። ቁም ነገር ላይ ነን።

ደምለው፦ ቁም ነገርማ ነው። ታዲያ እነዚያ ሦስቱ ጄሪካኖች ውስጥ አርባ አምስት ሊትር ቆሻሻ አለ ማለት ነዋ። ያንን ነው እትዬ ለማኅበርተኛው ልትሰጥ የነበረው?

(አንሙት ይሄ አልታየውም ነበር። አሁን ታየው፤ ቄስ አማረ ብርጭቆውን አንሥተው ሦስት እጅ ቆሻሻ ሲጎነጩ። የአምናው ሊጥ ከዚህ ይሻላል።)

አንሙት፦ አምጣቸው።

ደምለው፦ የትኞቹን?

አንሙት፦ ሦስቱንም! እያወቅኩ ሰው አልመርዝም።

ደምለው፦ እትዬ ግን እንዳትነኩ…

አንሙት፦ እሷ ስለ ቆሻሻው መቼ አወቀች? ብታውቅ «ፈጥናችሁ አጣሩ» ነበር የምትለው። አምጣ!

(ሞተሩ አጓራ። ደምለው እየተመላለሰ ይገለብጣል፤ በባዶዎቹ ጄሪካኖች ደግሞ የጥቁሩን ቱቦ እየያዘ ከግድግዳው ጥግ ይደረድራል። አንሙት ወንበር ስቦ ከባልዲው ፊት ተቀምጧል፤ ጥጃ እንደሚያጠባ ሰው ቱቦዋን ይዞ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ባልዲው ሃያ ሊትር ያዘ።)

አንሙት፦ ሃያ ሊትር ንጹህ ውኃ! አሁን በመሣሪያ እናረጋግጣለን። (ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ የምታክል መለኪያ ያወጣል።) ይቺ ውኃ ውስጥ ስትገባ ቁጥር ትሰጣለች። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ውኃው ንጹህ ነው። በመጀመሪያ ከሸክላህ አንድ ብርጭቆ ቅዳ።

ደምለው፦ (ይቀዳል) እንኩ።

አንሙት፦ (ነክሮ) መቶ ሃምሳ ስምንት! የቧንቧው መቶ ስድሳ ነበር። አላልኩህም? ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ ብላ ሁለት ቁጥር!

ደምለው፦ የጤና ኤክስቴንሽኗ ግን ሸክላዋ ጀርሙን ትይዛለች ብላናለች። ልጆቼም ዘንድሮ «ሆዴን» አላሉም። መለኪያዋ ጀርምም ትቆጥራለች?

አንሙት፦ ሁሉንም ትቆጥራለች! አሁን የኔን ተመልከት። (ባልዲው ውስጥ ነክሮ) ዐሥራ አራት! ዐሥራ አራት፣ ደምለው!

ደምለው፦ ወይ ጉድ። (ወጣ ብሎ ሌላ ብርጭቆ ይዞ ይመለሳል።) ይሄንንስ ያዩልኛል?

አንሙት፦ (ነክሮ፣ ዓይኑን አሽቶ፣ ደግሞ ነክሮ) ስምንት?

ደምለው፦ ስምንት ጥሩ ነው?

አንሙት፦ ከኔ ያንሳል! (ይጎነጫል፤ አፉ ውስጥ ያንከባልለዋል፤ ይውጠዋል።) አቤት! ለስላሳ ነው። ቀላል ነው። አንተ፣ ሌላ ማሽን ደብቀህ ይዘህ መጥተሃል እንዴ? ከምን አጣራኸው?

ደምለው፦ ኧረ አላጣራሁትም። ትናንት ካፊያ ጥላ አልነበር? ከጣሪያው ሥር ካለችው ጣሳ ነው።

አንሙት፦ የትኛዋ ጣሳ?

ደምለው፦ ዶሮዎቹ የሚጠጡባት።

(አንሙት ወደ በረንዳው ጠርዝ ሮጦ ተፋ፤ የዋጠው ግን ወርዷል። አፉን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ ሲመለስ ዓይኑ ያረፈው ዶሮዎቹ ላይ አልነበረም፤ ባልዲው ላይ ነው። ዐሥራ አራት። የዶሮ ጣሳ ስምንት፣ የእሱ ማሽን ዐሥራ አራት። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ መለኪያዋን ይጠረጥር ነበር። አንሙት ግን ዕቃ ከካርቶን ከወጣ በኋላ አይጠረጥርም።)

ደምለው፦ መለኪያዋ ተሳስታ ይሆን?

አንሙት፦ አትሳሳትም! ውኃው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ስላጣራነው ነው። ለዶሮ ጣሳ አልሸነፍም! ባልዲውን ወደዚህ።

ደምለው፦ ንጹሁን ደግሞ ልናጣራው?

አንሙት፦ እናጣራዋለን!

(ያጓራል። ሃያው ይገባል፤ ይሠፈራል።)

አንሙት፦ አምስት ሊትር። መለኪያዋ… አምስት! አሸነፍኳቸው! ዶሮዎቹን አሸነፍኳቸው!

ደምለው፦ (ጄሪካኑን እያየ) ጋሼ።

አንሙት፦ ምንድን ነው?

ደምለው፦ እንደገና ዐሥራ አምስት ሊትር ቆሻሻ ወጣ።

አንሙት፦ ይውጣ።

ደምለው፦ ከንጹሁ?

(አንሙት የማሽኑን ቀፎ በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገ።)

አንሙት፦ ማሽኑ በጣም ጎበዝ ስለሆነ ነው። የራሱን ሥራ እንኳ አያምንም።

ደምለው፦ ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ እትዬን ሲያጠጧት የሰነበቱት አንድ ጊዜ የተጣራውን አይደል? ሦስት እጁ ቆሻሻ ነበራ።

አንሙት፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) እንዳትነግራት።

ደምለው፦ ይሄ አምስቱስ? እሱም ውስጥ አለ ይሆን?

(ይቺ ነገር አንሙትን ወጋችው። ባልዲውን ያያል። ውኃው እንደ መስታወት ነው፤ ግን ያኛውም እንዲያ ነበር። ከዚህ ወዲያ ሰውየው በገዛ ዓይኑ የሚያየውን ማመን አቁሟል፤ የሚያምነው የሚያጓራውን ብቻ ነው።)

አንሙት፦ ለእርግጠኝነት አንዴ ብቻ።

ደምለው፦ እሺ፤ እኔ ምን አውቃለሁ።

(ያጓራል። ዝም ይላል። በዚህ ጊዜ ባልዲውን ለመስፈር ያስፈለገው አንድ ጆግ ብቻ ነው፤ ውኃው ሁሉ ገባበት።)

አንሙት፦ ሁለት! መለኪያዋ ሁለት አለች! ደምለው፣ ከዚህ የጠራ ውኃ ደብረ ማርቆስ ገብቶ አያውቅም!

ደምለው፦ ስንት ሆነ?

አንሙት፦ ሁለት አልኩህ።

ደምለው፦ ቁጥሩን አይደለም፤ ውኃውን።

አንሙት፦ አንድ… አንድ ሊትር።

ደምለው፦ አንድ ጊዜ ደግሞ ብናሳልፈውስ?

አንሙት፦ ከዚያ በኋላማ ምንም አይቀርም።

ደምለው፦ ያኔ ነዋ ምንም ቆሻሻ የማይኖርበት።

(የአንሙት እጅ ወደ ማብሪያው ሄደች። እውነቴን ነው፤ ሄደች። ግማሽ መንገድ ላይ ግን ዓይኑ እጁ ላይ ባለው ጆግ አረፈ። ከዚያ ምድጃው ላይ ውኃ የሚጠብቀውን የወጥ ድስት አየ። ከዚያ ለማኅበርተኛው የተደረደረውን አግዳሚ ወንበር አየ። እጁን ሰበሰበና ቀስ ብሎ ተቀመጠ።)

አንሙት፦ ደምለው።

ደምለው፦ አቤት።

አንሙት፦ ስንት ሰው ነው የሚመጣው ያልከኝ?

ደምለው፦ ዐሥራ ስምንት።

አንሙት፦ ሰዓቱስ?

ደምለው፦ አምስት ተኩል አልፏል። እትዬ አሁን ትደርሳለች።

አንሙት፦ (ጆጉን ከፍ አድርጎ እያየ) በማንኪያ ቢዳረስስ? የቅመሱልኝ ያህል…

ደምለው፦ ለአንድ ሰው ሦስት ማንኪያ ይደርሳል። እጁን ይታጠብበት ወይስ ይጠጣው?

አንሙት፦ (ፊቱን በእጁ ሸፍኖ) አለቀልኝ። ደምለው፣ አለቀልኝ። አምና ሊጥ፣ ዘንድሮ ደረቅ ድስት። ጽዋውን ትመልሳለች። ሠላሳ ዓመት የተጠጣበት ጽዋ ነው፤ እናቷ ናቸው ያስረከቧት። እኔ ነኝ ያስመለስኳት ማለት ነው። በዚህች ከተማ ከእንግዲህ በየት በኩል ነው የምሄደው?

(ይሄን ሲል ፌዝ አልነበረበትም። ደምለው አጠገቡ ቁጢጥ አለ። አንሙት በጣቶቹ መካከል ወደ ግድግዳው ጥግ ሲያይ አራቱ ጄሪካኖች ሞልተው ተደርድረዋል።)

አንሙት፦ ደምለው፣ ወንድሜ።

ደምለው፦ አቤት፣ ጋሼ።

አንሙት፦ እነዚያን ጄሪካኖች… ወደ ቦታቸው መልሳቸው እስቲ።

ደምለው፦ የቆሻሻዎቹን?

አንሙት፦ አዎ።

ደምለው፦ ነገ ከከተማ ውጪ የምንደፋቸውን?

አንሙት፦ አዎ አልኩህ!

ደምለው፦ ለምን?

አንሙት፦ ለ… ለወጡ።

ደምለው፦ ውይ፣ ጋሼ! ሰባ ዘጠኝ ሊትር ቆሻሻ በማኅበር ወጥ?

አንሙት፦ ሲፈላ ይሞታል።

ደምለው፦ ረቂቅ ነው ብለውኝ አልነበር?

አንሙት፦ ረቂቅም ሲፈላ ይሞታል!

ደምለው፦ የእጅ መታጠቢያው ግን አይፈላም። ቄስ አማረ በቆሻሻ ታጥበው ሊባርኩ ነው? እኔ ይሄን ኃጢአት አልሸከምም። አስታጣቢው እኔ ነኝ።

አንሙት፦ ኃጢአት የለበትም፤ እባክህ።

ደምለው፦ እንዴት አይኖርበትም? እርስዎ እኮ ነዎት ያስተማሩኝ። «ከሃያው ዐሥራ አምስቱ ቆሻሻ» ሲሉ ገብቶኛል። አሁን ደግሞ ሊያስረሱኝ ነው?

አንሙት፦ ቆይ፣ ቆይ! መመሪያው! (መሳቢያ ከፍቶ መጽሐፉን ያወጣል፤ በጥድፊያ ይገልጣል።) ገጽ ዐሥራ አንድ… ይኸውልህ… «በሁለተኛው ቱቦ የሚወጣው ውኃ ከገባው ሦስት እጁ ያህል ሲሆን፣ እንዳይባክን ለልብስ፣ ለወለል፣ ለአትክልት…» (መጽሐፉን ዝቅ ያደርጋል።)

ደምለው፦ «ውኃ» ነው የሚለው?

አንሙት፦ «ውኃ» ነው የሚለው።

ደምለው፦ ቀድሞ አላነበቡትም?

አንሙት፦ እስከ ገጽ ዐሥር አንብቤያለሁ።

ደምለው፦ ለልብስና ለወለል ይላል እንጂ ለወጥ አይልማ።

አንሙት፦ ያው የቧንቧው ነው፣ ሰውዬ! ጠዋት ስትቀዳው የነበረው ያው! በቀጭኗ ያላለፈውን ጨው ደርቦ ይዞ ነው የወጣው፤ ሌላ ምን ይጨመርበታል? የኔአለም ዕድሜ ልኳን በዚሁ ነው ወጥ የሠራችው!

ደምለው፦ ስለዚህ ቆሻሻ አይደለም?

አንሙት፦ አይደለም።

ደምለው፦ ዐሥራ አምስቱም?

አንሙት፦ ዐሥራ አምስቱም!

ደምለው፦ ሰባ ዘጠኙም?

አንሙት፦ (ተነሥቶ፣ እየጮኸ) ውኃ ነው! ውኃ ነው! ምን ልበልህ! ውኃ ነው!

ደምለው፦ እሰይ።

(ያኔ ነው ደምለው የተነሣው። ሁለቱን ጄሪካኖች በሁለት እጁ አንጠልጥሎ፣ ተመልሶ ሌሎቹን ሁለቱን ደግሞ አንጠልጥሎ፣ የኔአለም ከተወችበት ደጃፍ በፊት እንደነበሩ አስተካክሎ ደረደራቸው። አንዷ ብቻ አፏ ድረስ አልሞላችም። ከዚያ የሸክላውን ባልዲ ከፍቶ ስምንቱን ሊትር በመጠጫው ጋን ገለበጠና ሸክላዋን እንደገና ሞላት። አንሙት አፉን ከፍቶ ያያል።)

ደምለው፦ የሚጠጣው ይሄ ነው። ወጡና እጁ ከጄሪካኑ። ይደርሳል፤ ይተርፋልም።

አንሙት፦ አንተ… አንተ ታውቅ ነበር እንዴ?

ደምለው፦ እኛ ሰፈር ቤት ተከራይታ የነበረች አንዲት ነርስ እንዲህ ያለ ማሽን ነበራት። በጥቁሩ ቱቦ ጎመን ታጠጣበት ነበር። እንዲያ ያለ ጎመን ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

አንሙት፦ ታዲያ ያንን ሁሉ የቂል ጥያቄ ስትጠይቀኝ የዋልከው?

ደምለው፦ ስነግርዎትማ መቼ ይሰሙኛል፣ ጋሼ? ስጠይቅዎት ግን ይመልሱልኛል።

(በሩ ተንኳኳ። የኔአለም ነጠላዋን እንዳጣፋች፣ በእጇ ቅጠላ ቅጠል ይዛ ገባች። ሰላምታም ሳትል ዓይኗ በቀጥታ ወደ ጄሪካኖቹ ሄደ።)

የኔአለም፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ኧረ እግዜር ይስጥህ! አልነካሃቸውም? እኔ ኪዳኑም ቅዳሴውም ላይ ልቤ እዚህ ነበር። ዛሬስ ሰው ሆንክ፣ አንሙት።

አንሙት፦ (ጆጉን ከኋላው ደብቆ) እ… አዎ።

የኔአለም፦ ታዲያ እስካሁን ምን ስትሠሩ ዋላችሁ? ሰፈሩ ሁሉ የሚያጓራ ነገር ሲሰማ ነበር አሉ።

ደምለው፦ ስናወዳድር ነው፣ እትዬ። የትኛው ማጣሪያ ውኃ እንደማያባክን።

የኔአለም፦ እሺ፣ የትኛው በለጠ?

ደምለው፦ ሸክላዋ ስምንት ተቀብላ ስምንት ሰጠች። የጋሼ ማሽን አራት ተቀብሎ አንድ ይሰጣል።

የኔአለም፦ ውይ! አንሙት፣ ይሄን አባካኝ ነው ግድግዳዬ ላይ የሰቀልክብኝ?

ደምለው፦ አትፍረጂበት እንጂ፣ እትዬ። ማሽኑማ ምስኪን ነው። ከማሽኑ የባሰም አግኝተናል።

የኔአለም፦ ደግሞ ሌላ ምን ገዛ?

ደምለው፦ አልተገዛም፤ ድሮም እቤት ያለ ነው። ሰማንያ ሊትር ሙሉ ገባበት፤ የወጣው ግን ሁለት ቃል ብቻ።

የኔአለም፦ (ባሏን እያየች) ምን የሚል?

ደምለው፦ ጋሼ ይንገሩሽ።

አንሙት፦ (አንገቱን ደፍቶ) ውኃ ነው።